የውጭ ኩባንያ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲመጣ፦ በየትኛው መንገድ አብሮ መሥራት ያዋጣል?

የደብረ ብርሃን ስም ለብዙ ዘመን የሚነሣው ከብርዷና ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ጋር ነበር። አሁን ሐበሻ ቢራ አለ፣ ዳሽን ቢራ አለ፣ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ በፓርኩ ውስጥም የቤልጅየሙ ቡርትማልት የብቅል ፋብሪካ ቆሟል። ወደ ምንጃር ሲወረድ ደግሞ አረርቲ ላይ በቻይና ኩባንያ የተገነባ ሌላ ፓርክ ይገኛል። የማኅበር ሰብሳቢው፣ መጋዘን ያለው ነጋዴ፣ ትንሽ የዱቄት ፋብሪካ ያቋቋመው ባለሀብት “ከውጭ ኩባንያ ጋር አብረን እንሥራ የሚል ሰው መጥቶ ነበር፤ ምን ብመልስ ይሻላል?” ማለት የጀመሩት ከዚህ ወዲህ ነው።

ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ስንት እንደሚከፈለው ነው። ዋጋ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ግን የመጀመሪያው ዓመት ጉዳይ ነው። በአምስተኛው ዓመት ኩባንያው ከእርስዎ ምን እንደሚፈልግ፣ ያን ጊዜ እዚህ መኖር አለመኖሩንም ጭምር፣ የሚወስነው ከአገሩ የወጣበት ምክንያት ነው። ምክንያቱ ሳይለይ የውል ዓይነት መምረጥ አይቻልም የምለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከምክንያቶቹ እንነሣ።

ገበያ ፍለጋ የመጣ

አንድ ኩባንያ በአገሩ የሚሸጥለት ሰው ሲያጣ፣ ወይም ገዢው ባለበት መጠን ሲቆም፣ ዓይኑን ወደ ውጭ ያነሣል። የቢራውን ነገር ተመልከቱ። በምዕራብ አውሮፓ የቢራ ጠጪው ቁጥር ማደጉን ካቆመ ቆይቷል፤ ኢትዮጵያ ግን ሕዝቧ ከመቶ ሚሊዮን በላይ፣ አብዛኛው ወጣት፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቢራ ደግሞ ገና ትንሽ ነው። የፈረንሳዩ ካስትል እ.ኤ.አ. በ1998 ቅዱስ ጊዮርጊስን ገዛ። ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 በደሌንና ሐረርን በ163 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የእንግሊዙ ዲያጆ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሜታ አቦ 225 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አክሲዮን ገዝተው የመሠረቱት ሐበሻ ቢራም የሆላንዱን ባቫሪያ፣ የዛሬውን ስዊንክልስን፣ በአብላጫ ባለድርሻነት አስገብቶ በደብረ ብርሃን ማምረት ጀመረ። ሳፋሪኮም የመራው ቡድን በ2021 ለቴሌኮም ፈቃድ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ያወጣውም በዚሁ ስሌት ነው።

ቢራ ከአምስተርዳም ተጭኖ ለምን አይመጣም? ቢራ በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ጠርሙሱም ከባድ ነው፣ ባዶውም ተመልሶ መሞላት አለበት። ውሃ በመርከብና በመኪና ማጓጓዝ አያዋጣም፤ ስለዚህ ፋብሪካው ወደ ጠጪው ይመጣል። የወለል ሴራሚክን፣ ሲሚንቶንና ብሎኬትን የመሰሉ ከባድና ዋጋቸው ዝቅ ያለ ዕቃዎችም እንዲሁ ናቸው። ምንጃር ለአዳማም ለአዲስ አበባም ቅርብ መሆኑ ለግንባታ ዕቃ አምራች ትልቅ መስህብ ነው። በተቃራኒው መድኃኒት፣ ስልክና የእጅ ሰዓት ቀላልና ውድ ስለሆኑ ከሩቅ ቢመጡም ያዋጣሉ፤ አምራቹ እዚህ ፋብሪካ እንዲተክል የሚያስገድደው ሌላ ነገር መኖር አለበት። አንዳንዴ የሚያስገድደው የመንግሥት አጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ጃፓን ወደ አሜሪካ የምትልከውን መኪና ለመገደብ ስትስማማ፣ የጃፓን መኪና አምራቾች በተከታዮቹ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካ ከፈቱ። አጥሩን መዝለል ያልቻለ ከአጥሩ ውስጥ ይተክላል።

ገበያ ፈላጊው አንድ የማይለቀው ጭንቀት አለበት። የሚሸጠው በብር ነው፣ ባለቤቶቹ የሚጠብቁት ግን ዩሮ ወይም ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እዚህ 57 ሚሊዮን ብር ያተረፈ ኩባንያ ለባለቤቶቹ 1 ሚሊዮን ዶላር ሊልክ ሲያስብ፣ ያው ትርፍ ግማሹን ያህል ሆነ። እንዲህ ያለ ኩባንያ ወጪ ለመቀነስ ሲነሣ መጀመሪያ የሚነካው የአከፋፋዩን ኮሚሽንና የአቅራቢውን ዋጋ ነው። ይህን አስቀድመው ይወቁት።

ሲከፋው ደግሞ ይሄዳል። ዲያጆ ሜታ አቦን በ2022 ለካስትል ሸጦ ወጥቷል። ፋብሪካው ግን አልሄደም፤ የሄደው ባለቤቱ ነው። ከእንዲህ ያለ ኩባንያ ጋር የሚዋዋል ሰው “ባለቤትነቱ ቢተላለፍ ይህ ውል በአዲሱ ባለቤት ላይ ይጸናል” የሚል አንቀጽ ሳያስገባ ፊርማውን ማኖር የለበትም።

ጥሬ ዕቃ ፍለጋ የመጣ

ለሰሜን ሸዋ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ደጋችን ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ነገር አለው። መንዝ፣ ባሶና ወራና፣ አንጎለላና ጠራ፣ ጣርማ በር፣ እነዚህ የገብስ አገሮች ናቸው። ብርዱ ስንዴንና ጤፍን በሚያስቸግርበት ከፍታ ገብስ ይሆናል። ቢራ ፋብሪካዎች በየቦታው ሲበዙ ብቅሉ በውጭ ምንዛሪ ከአውሮፓ ይገባ ነበር፤ ምንዛሪው ሲጠፋ ደግሞ ማሽኑ ይቆም ነበር። የብቅል ፋብሪካ ወደ ደብረ ብርሃን የመጣው ከላይ ቢራ ጠማቂዎቹ፣ ከታች ገብሱ ስላሉ ነው። በዓለም ንግድ ይህ የተለመደ ነው፤ አቅራቢ ደንበኛውን ተከትሎ ባሕር ይሻገራል።

የቡርትማልት የደብረ ብርሃን ፋብሪካ የታቀደለት አቅም በዓመት 60,000 ቶን ብቅል ነው። አንድ ቶን ብቅል ለማውጣት 1.25 ቶን ገደማ ገብስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ ከሠራ በዓመት 750 ሺህ ኩንታል ያህል ገብስ ይፈልጋል። ይህ ቁጥር ለማኅበር ሰብሳቢ ከማንኛውም ቃል ኪዳን የበለጠ ሊነግረው የሚገባ ነው። የብቅል ፋብሪካ ገብሱ የሚዘፈዘፍበት፣ የሚበቅልበትና የሚደርቅበት ትልልቅ ማማ ነው፤ ነቅለው በኮንቴይነር የሚጭኑት አይደለም። ገንዘቡ አንዴ መሬት ውስጥ ገብቷል። በየዓመቱ ኅዳር ሲደርስ የገበሬውን ገብስ ከማንም በላይ የሚፈልገው እሱ ነው።

ቡርትማልት ራሱ የፈረንሳይ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር የሆነው የአክሴሬያል ንብረት መሆኑም ልብ ይባልልኝ። እህላቸውን ለነጋዴ ከመስጠት ይልቅ በማኅበር ተደራጅተው፣ በማኅበራቸው በኩል የብቅል ፋብሪካ ባለቤት ሆነው፣ ከዚያም ወደ ሌላ አህጉር የተሻገሩ ገበሬዎች ናቸው። የእኛ ዩኒየኖች መሪዎች ከእነዚህ ጋር ሲቀመጡ የገበሬ ማኅበር ከገበሬ ማኅበር ጋር እንደሚነጋገር ሆነው ቢቀመጡ ደስ ይለኛል።

ርካሽ ምርት ፍለጋ የመጣ

እዚህ ላይ ገበያውም ጥሬ ዕቃውም ከሌላ አገር ነው፤ ከእኛ የሚፈለገው ሠራተኛ፣ መብራትና ሼድ ነው። ጨርቁ ከእስያ ይመጣል፣ ሸሚዙ አሜሪካ ይሸጣል፣ የሚሰፋው እዚህ ነው። ኢትዮጵያ ለግል ድርጅቶች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልቆረጠችም፤ ሼዶቹን መንግሥት ሠርቶ ያከራያል፤ የአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ደግሞ ልብሱን ከቀረጥ ነጻ ያስገባ ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ስሌቱ ይሠራል። አንዱ ሲወጣ ይፈርሳል። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የሰረዘችው ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ በሐዋሳ ፓርክ ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ስሞች አንዱ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ግን ቀኑ ሳይደርስ በኅዳር 2021 እንደሚወጣ አስታወቀ። የስፌት መኪና ቀላል ነው፤ ሼዱም የሱ አይደለም።

ይህን የምጽፈው እነዚህን ኩባንያዎች ለመጥላት አይደለም። ለወጣቶች በብዛት የመጀመሪያ ሥራ የሚሰጡት እነሱ ናቸው፤ ሰዓት ማክበርን፣ የጥራት ቁጥጥርን፣ የመስመር አመራርን የሚያስተምሩትም እነሱ ናቸው። ነገር ግን በእነሱ ላይ ተማምኖ የሃያ ዓመት ብድር የሚወስድ ሰው አደጋ ላይ ነው።

ዕውቀትና ስም ፍለጋ የሚወጡም አሉ፤ የቻይናው ጂሊ እ.ኤ.አ. በ2010 የስዊድኑን ቮልቮ፣ የሕንዱ ታታ እ.ኤ.አ. በ2008 የእንግሊዙን ጃጓር ላንድሮቨር የገዙት ለዚህ ነው። በእኛ አካባቢ ይህ ብርቅ ስለሆነ አልቆይበትም።

ምክንያቱን እንዴት ይለዩታል?

ኩባንያው በመግለጫው ሁሉንም ይላል፤ ሥራ እንፈጥራለን፣ ገበሬውን እናግዛለን፣ ወደ ውጭ እንልካለን። እውነተኛው ምክንያት የሚታየው መጀመሪያ በሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ስለ ሱቅ ብዛት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ሰው ገቢ፣ “ከሸኖ እስከ ሸዋ ሮቢት ስንት ከተማ አለ?” ብለው ከጀመሩ ገበያ ነው የሚፈልጉት። ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘር ዓይነት፣ ስለ ውርጭ፣ ስንት ኩንታል ከአንድ ሄክታር እንደሚገኝ ከጠየቁ ጥሬ ዕቃ ነው። ስለ ደመወዝ፣ ስለ መብራት መቋረጥ፣ እስከ ጅቡቲ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ከጠየቁ ርካሽ ምርት ነው። ስለ እርስዎ ፈቃድ፣ ስለ እርስዎ ስምና ስለ ዜግነትዎ አብዝተው ከጠየቁ ደግሞ ረጋ ይበሉ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ድርብ ነው። የብቅል ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ፈላጊም ገበያ ፈላጊም ነው፤ ገብሱን እዚሁ ገዝቶ ብቅሉን እዚሁ ይሸጣል። በዚህ ጊዜ የትኛው ከጎደለ ኩባንያው እንደሚቆም ይጠይቁ። ገብስ ከጠፋ ከውጭ ገዝቶም ሊሠራ ይሞክር ይሆናል፤ ቢራ ጠማቂው ከጠፋ ግን ጨርሶ ይዘጋል።

አሁን መንገዶቹን እናነጻጽር

የአቅርቦት ውል። ለጥሬ ዕቃ ፈላጊ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። እርስዎ ካፒታል አያወጡም፣ አክሲዮን አይገዙም፣ ኩባንያው ቢከስርም ገብሱ የእርስዎ ነው። ጥፋቱ ሁሉ ያለው በዝርዝሩ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ልቆይ።

የብቅል ገብስ እንደ ምግብ ገብስ አይታይም። ፕሮቲኑ በጥቅሉ ከ9 እስከ 12 በመቶ፣ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች፣ የመብቀል ኃይሉ ከ95 በመቶ በላይ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ፍሬው የሞላና እኩል መሆን አለበት። ምርት ለማብዛት ተብሎ ዩሪያ ሲበዛና ሲዘገይ ፕሮቲኑ ይወጣል፣ ገብሱም ከበር ይመለሳል። ገበሬው ደክሞ ያመጣው ገብስ በበሩ ላይ “ፕሮቲኑ አለፈ” ሲባል የሚሰማው ስሜት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ውሉ ላይ ናሙናው በማን ፊት እንደሚወሰድ፣ ግማሹ ናሙና ታሽጎ በማኅበሩ እጅ እንደሚቀር፣ ክርክር ሲነሣ በሦስተኛ ወገን ቤተ ሙከራ እንደሚመረመር ይጻፍ። ከደረጃ በታች የሆነው ገብስ በዝቅተኛ ዋጋ ይወሰድ ወይስ ይመለስ? ሲመለስ የመኪናው ኪራይ በማን ላይ ነው? እነዚህ ጥቃቅን አይደሉም፤ የአንድ ዓመት ትርፍ እዚህ ውስጥ ይቀልጣል።

ዋጋውን በተመለከተ የተቆረጠ ዋጋ ብቻ አልመክርም። በአጨዳ ወቅት ገብስ ይረክሳል፣ ክረምት ሲገባ ይወደዳል። ዋጋው በጥር ከተቆረጠ በሚቀጥለው ኅዳር ገበያው ሲበልጥ ገበሬው ለሌላ ነጋዴ ይሸጣል፣ ኩባንያውም ውል ፈረሰብኝ ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። የተሻለው፣ ከዚህ በታች የማይወርድ የወለል ዋጋ ቆርጦ፣ በርክክቡ ሳምንት በተስማሙባቸው ሁለት ሦስት ገበያዎች ካለው አማካይ ዋጋ ላይ ለጥራቱ ጭማሪ መክፈል ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ለእንዲህ ያለው ስምምነት የተለየ መሠረት ሰጥቷል፤ ውሉን የሚያዘጋጀው የሕግ ባለሙያ አዋጁን አንብቦ ይምጣ።

ውሉን አንድ ገበሬ ብቻውን ከሚፈርም በማኅበር፣ ከማኅበርም በዩኒየን ቢፈርም እመርጣለሁ። ኩባንያው ራሱ ይህን ይወዳል፤ ከሺህ ገበሬ ጋር በየግል መደራደር ውድ ነው። ዘርና ማዳበሪያ በብድር ከቀረበ ውርጭ ወይም በረዶ ሰብሉን ቢመታ ብድሩ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። መንዝን ለሚያውቅ ይህ ዋናው አንቀጽ ነው።

አከፋፋይነትና ውክልና። ይህ የገበያ ፈላጊው መንገድ ነው። ሁለቱ አይምታቱ። አከፋፋይ ዕቃውን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ይሸጣል፤ ቢበላሽ፣ ባይሸጥ፣ ደንበኛ ቢክድ ኪሳራው የሱ ነው። ወኪል ግን የኩባንያውን ዕቃ ሸጦ ኮሚሽን ይቀበላል። አከፋፋይ ከሆኑ ትርፉ ሰፋ ይላል፣ ገንዘቡም ይታሰራል፤ በመጠጥ ሥራ ደግሞ የሣጥንና የጠርሙስ መያዣው ብቻ ብዙ ብር ይውጣል።

እዚህ ትልቁ አደጋ ስኬት ነው። ኩባንያዎች ወደማያውቁት ገበያ ሲገቡ መጀመሪያ በሰው እጅ ይሞክራሉ፤ ገበያው መኖሩ ሲረጋገጥ የራሳቸውን ማከፋፈያ ይከፍታሉ ወይም ክልሉን ለሁለት ይከፍሉታል። በዓለም ዙሪያ የታየ ነገር ነው፤ ክፋት ብለው አይዩት፤ ሲፈርሙ ግን ያስቡት። የሚሠሩበት አካባቢ በወረዳ ስም ይጻፍ፤ በዚያ ወሰን ሌላ አከፋፋይ እንደማይሾም ይጻፍ፤ ውሉ ሲቋረጥ ቢያንስ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ የቀረው ዕቃና ባዶ ሣጥን በተገዛበት ዋጋ እንዲመለስ ይጠይቁ። ይህን የማይቀበል ኩባንያ ካጋጠመዎ መኪና በብድር ከመግዛትዎ በፊት በውክልና ይጀምሩ።

ሽርክና። በሩቅ ሲታይ ከሁሉ የሚያምረው ይህ ነው፤ ስም አለው፣ የቦርድ ወንበር አለው፣ የትርፍ ድርሻ አለው። በእኔ ግምት ለአብዛኛው ሰው ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው።

የውጭ ኩባንያ ለምን ድርሻ ለአገሬ ሰው ይሰጣል? ገንዘብ ካለው ብቻውን ለምን አይሠራም? መልሱ ወይ የማያውቀውን ዕውቀት ከእርስዎ ስለሚፈልግ ነው፣ ወይ ሕግ ስላስገደደው ነው። የራሳችንን አየር መንገድ ማየት ይበቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በማላዊ 49 በመቶ፣ በዛምቢያ 45 በመቶ ድርሻ ይዞ የገባው አብላጫውን መግዛት ስላልፈለገ ብቻ አይደለም፤ የበረራ መብት በአብዛኛው በአገሮች መካከል በሚደረግ ስምምነት ለየአገሩ አየር መንገድ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ኩባንያው የዚያ አገር ሆኖ መቆየት ስላለበት ነው። የአገሬው ባለድርሻ ያዋጣው ነገር ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መብት ነው። መብት ዋጋ አለው። እርስዎም ሲደራደሩ የሚያዋጡት ነገር ምን እንደሆነ በገንዘብ ተገምቶ ይጻፍልዎት፤ ሕንጻው፣ የሊዝ መብቱ፣ ፈቃዱ፣ የደንበኛ ዝርዝሩ።

በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲገባ ለአንድ ፕሮጀክት በጥቅሉ ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲገባ ደግሞ 150,000 ዶላር እንዲመድብ ተደንግጓል። 50,000 ዶላር ለማዳን ብቻ ሸሪክ የሚፈልግ አለ። የከፋው ደግሞ ለኢትዮጵያውያን በተከለለ ሥራ ለመግባት “አክሲዮኑ በስምህ ይሁን፣ ገንዘቡን እኔ አወጣለሁ” የሚለው ነው። ስለ ስምዎና ስለ ዜግነትዎ አብዝተው ሲጠይቁ ረጋ ይበሉ ያልኩት ለዚህ ነው። ስም ማበደር ሕግ መጣስ ነው፤ ግብሩ በእርስዎ ስም ይመጣል፣ ዕዳው በእርስዎ ስም ይመጣል፣ ኩባንያው ሲሄድ ፍርድ ቤት የሚቆሙት እርስዎ ነዎት። በየጊዜው የሚከፈቱና የሚከለሉ ዘርፎች ስለሚለዋወጡ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽንን መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ሽርክናው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ትርፍ የሌለበት ትልቅ ሽያጭ ሊሆን ይችላል። እናት ኩባንያው ማሽኑን፣ መለዋወጫውን፣ ማጣፈጫውን፣ የንግድ ስሙን በሚፈልገው ዋጋ ለሽርክናው ይሸጣል፤ ትርፉ በግዢው ውስጥ አልቆ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ለእርስዎ የሚከፋፈል አይቀርም። መድኃኒቱ ከእናት ኩባንያው ጋር የሚደረግ ግዢ ሁሉ በእርስዎም ፊርማ እንዲጸድቅ፣ ኦዲተሩ በጋራ እንዲመረጥ ማድረግ ነው። የንግድ ስሙ የማን እንደሆነም ይጻፍ። የፈረንሳዩ ዳኖንና የቻይናው መጠጥ አምራች ዋሃሃ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመሩት ሽርክና በንግድ ስሙ ባለቤትነት ምክንያት ወደ ከባድ ክርክር ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዳኖን የነበረውን 51 በመቶ ለሸሪኩ ሸጦ ወጥቷል። ሁለት ግዙፎች ያልቻሉትን እኔና እርስዎ በመጨባበጥ አንችለውም።

አክሲዮን በሕዝብ ተሸጦ ብዙ ሺህ ሰው ባለድርሻ የሚሆንበት ጉዳይ ይለያል። እዚያ እርስዎ ሸሪክ አይደሉም፤ ገንዘብ አስቀማጭ ነዎት። የውጭው ኩባንያ አብላጫውን ሲይዝ ትርፉ ይከፋፈል ወይስ ለማስፋፊያ ይዋል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የሚፈልጉትን ገንዘብ እዚያ አያስገቡ።

ማከራየት። ርካሽ ምርት ፈላጊው ሲመጣ ለባለ መጋዘኑ ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ኪራዩ በየዓመቱ የሚከለስ ይሁን፤ ምንዛሪው ባለፈው ጊዜ በእጥፍ ሲዘል የአምስት ዓመት የተቆረጠ ኪራይ የፈረሙ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው መገመት አያዳግትም። የስድስት ወር መያዣ ይቀበሉ፤ ሕንጻውን ለአንድ ኩባንያ ብቻ የሚሆን አድርገው በራስዎ ወጪ አይቀይሩት። የእርሻ መሬትን ማከራየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የገበሬ ይዞታ በክልሉ የመሬት ሕግ ይገዛል፣ ቤተሰቡ ሁሉ መብት አለበት። ለባዕድ ኩባንያ መሬት አከራይቶ በራስ መሬት ላይ በቀን ሥራ ከመቀጠር፣ መሬቱን ይዞ ገብሱን በውል መሸጥ ይሻላል ብዬ አጥብቄ እናገራለሁ።

ለሦስት ሰዎች ሦስት መልስ

ባሶና ወራና ላይ ላለ የገብስ አምራች ማኅበር፦ የአቅርቦት ውል፣ በዩኒየን በኩል፣ ከሁለት ገዢ ጋር። ብቅል ፋብሪካው በጎረቤት ቢሆንም የምርቱን ሁሉ ውል ለአንድ ገዢ አይስጡ። አሰላም ጎንደርም የብቅል ፋብሪካ አለ፤ ሩቅ ቢሆኑም መኖራቸው ብቻ በድርድሩ ላይ ይጠቅማል። አንድ ሦስተኛው መሬት በምግብ ገብስ ይዘራ፤ ለበሶና ለቆሎው፣ እንዲሁም ፋብሪካው ለጥገና በሚዘጋበት ዓመት ለገበያው።

ሸዋ ሮቢት ላይ መጋዘንና ሁለት አይሱዙ ላለው ነጋዴ፦ ወኪልነት ለመጀመሪያው ዓመት፣ ሽያጩ ከታየ በኋላ አከፋፋይነት። መጋዘኑን ደግሞ ለዚሁ ኩባንያ ጠቅልሎ አያከራይ። ደንበኛውም ተከራዩም አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው የወጣ ቀን ሁለቱም ገቢ አብሮ ይወጣል።

ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ፋብሪካ ላለው ባለሀብት መልሱ ይረዝማል። ሽርክና ከሁሉ የሚፈትነው እሱን ነው፤ የሚያዋጣው ነገርም አለው። መጀመሪያ ሽርክና ሳይሆን ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት የሥራ ውል እንዲያቀርብ እመክራለሁ፤ ኩባንያው ዕቃውን በእሱ ፋብሪካ በክፍያ ያስመርት። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ይተዋወቃሉ፤ ኩባንያው ጥራቱን ያያል፣ ባለፋብሪካውም ሰዎቹ ክፍያ በሰዓቱ የሚከፍሉ መሆናቸውን ያያል። ከዚያ በኋላ ድርሻ ከተነሣ መጀመሪያ የሚነጋገሩት ስለ መግቢያው ሳይሆን ስለ መውጫው ይሁን፤ አንዱ መሸጥ ቢፈልግ ሌላው ቀድሞ የመግዛት መብት እንዳለው፣ ዋጋውን ማን እንደሚገምት፣ ማሽኖቹ ለማን እንደሚቀሩ።

ለሦስቱም የሚያገለግል አንድ ማጣሪያ አለ። የሚፈርመው ወገን ማን ነው? በትልቅ ስም የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈርመው በትልቁ ኩባንያ ስም ሳይሆን እዚህ በተቋቋመ ትንሽ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም ነው። ያ ማኅበር ቢዘጋ ዕዳው እዚያው ያልቃል፤ በአውሮፓ ወይም በቻይና ያለው እናት ኩባንያ አይጠየቅም። የኢንቨስትመንት ፈቃዱንና የንግድ ምዝገባውን ኮፒ ይጠይቁ፣ የተመዘገበው ካፒታል ስንት እንደሆነ ይዩ፤ ውሉ ትልቅ ከሆነም የእናት ኩባንያውን የጽሑፍ ዋስትና ወይም የባንክ ዋስትና ይጠይቁ። ዋስትናውን ከከለከሉ ሥራው የግድ ይቅር ማለት አይደለም፤ ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ ክፍያው ባንክ ይግባ ማለት ነው።